ለኃይለኛ የእጅ ባትሪ ድንጋይና ቻርጀር ስትገዙ፦ ከአዳማ የተጻፈ መመሪያ

አዳማ ውስጥ የእጅ ባትሪ የማያስፈልገው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የመጋዘን ጥበቃው ይፈልገዋል። ጀነሬተር የሌለው ባለሱቅ ይፈልገዋል። ሌሊት ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ጎማ የሚቀይረው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ያለሱ አይወጣም። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ተሰልፈው ሲዞሩ ይታያሉ። የሚያመነጩት ግን ወደ ብሔራዊው መስመር ስለሚገባ፣ ሰፈሩ መብራት ሲሄድበት ጎረቤትነታቸው ምንም አይጠቅመንም።

በዚህ ጽሑፍ «የእጅ ባትሪ» ስል መብራቱን ነው። «ድንጋይ» ስል ደግሞ ውስጡ የሚገባውን፣ ቻርጅ የሚደረገውን ማለቴ ነው።

ገበያው ላይ አሁን ኃይለኛ መብራት ሞልቷል። ኤልኢዲው ረክሷል፣ አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ ሩቅ ያበራል። ጣጣው የሚጀምረው ቆይቶ ነው። ሲበራ ደማቅ ይሆንና በአሥር ደቂቃ ይደክማል። ወይም ቻርጀሩ ላይ አረንጓዴ በርቶ ሳለ መብራቱ አልበራም ይላል። ሰው ይበሳጭና መብራቱን ጥሎ ሌላ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መብራቱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ድንጋዩና ቻርጀሩ ጋ ነው። ስለዚህ ለመብራቱ ካሰባችሁት ገንዘብ ቀንሳችሁ ወደነሱ አዙሩት። ጥሩ ድንጋይ የገባበት መካከለኛ መብራት፣ መናኛ ድንጋይ የገባበትን ውድ መብራት ይበልጠዋል።

ደረጃ 1፦ የኋላውን ክዳን ፍቱ

መጀመሪያ መብራቱ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሚፈልግ እወቁ። ክዳኑ የማይፈታ ከሆነና ከአካሉ ተስቦ የሚወጣ ባለሁለት ጥርስ መሰኪያ ካለው፣ ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ባለ 4 ቮልት ሊድ አሲድ ነው። ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ዘር ነው። ባዶውን ካስቀመጣችሁት ይሞታል። ባትጠቀሙበትም በየወሩ ሙሉት። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ክዳኑ የሚፈታ ከሆነ ቱቦውን ተመልከቱ። የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ፣ ማለትም ደብል ኤ የሚባለው የሚገባበት ከሆነ፣ የሚሞላ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዙለት። ቮልቱ 1.2 ነው። ከነዚህ ውስጥ የፓናሶኒክ ኢኒሉፕ ተሞልቶ ወራት ቢቀመጥም ኃይሉን ብዙ አያባክንም። ለልጆች ለሚሰጥ መብራት ከሊቲየም ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ቢወድቅም ቢረሳም ያን ያህል አያሰጋም።

ኃይለኛ መብራቶች የሚጠቀሙት ግን ሊቲየም አዮን ነው። በላዩ ላይ ያለው ባለአምስት አኃዝ ቁጥር የመጠኑ ልክ ነው። 18650 ማለት ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር፣ መጨረሻ ላይ ያለው ዜሮ ደግሞ ክብ ቱቦ ነው ማለት ነው። 21700 ወፈር ብሎ ይረዝማል። 26650 ርዝመቱ ከ18650 ጋር እኩል ሆኖ ወፍራም ነው። ሁሉም መካከለኛ ቮልታቸው 3.6 ወይም 3.7፣ ሲሞሉ 4.2 ነው።

ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው፣ አንገቱ ተስቦ የሚያቀርብና የሚያርቅ መብራት ከነፕላስቲክ ቱቦው ይመጣል። ቱቦውን አውጥታችሁ ውስጡን ለኩት። በአንዳንዱ ያ ፕላስቲክ የተደረገው 18650 እንዳይንጓጓ ነው፤ ካለሱ 26650 ልክ ይገባበታል። 26650 ብዙ ስለሚይዝ ረጅም ሰዓት ታገኛላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። 14500 የሚባል ሊቲየም አለ፤ መልኩና መጠኑ ደብል ኤ ነው። ሲሞላ ግን 4.2 ቮልት ነው። መብራቱ ላይ ይችላል ተብሎ ካልተጻፈ አታስገቡት። ሰዓትና ሪሞት ውስጥማ በፍጹም።

ደረጃ 2፦ መብራቱ ስንት አምፔር እንደሚስብ አስሉ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። ዋናው ደግሞ ይኸው ነው።

ስለ ድንጋይ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንዱ ምን ያህል ይይዛል ነው፤ የሚለካው በሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ሌላው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይሰጣል ነው፤ የሚለካው በአምፔር ነው። ሻጭ የሚያወራላችሁ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ኃይለኛ መብራት የሚፈትነው ግን ሁለተኛውን ነው። ብዙ የሚይዝ ነገር ግን በአንዴ መስጠት የማይችል ድንጋይ ስታስገቡበት ቮልቱ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ይሞቃል፣ መብራቱ ይደበዝዛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው፤ ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት ወደ 100 ሉመን ገደማ ይሰጣል። መብራታችሁ በእውነት 1000 ሉመን ከሆነ 10 ዋት ይፈልጋል። 10 ዋት ለ3.6 ቮልት ሲካፈል 3 አምፔር የማይሞላ ይመጣል። ይህን የትኛውም ጤነኛ 18650 ይችለዋል። መብራቱ 3000 ሉመን ከሆነ 30 ዋት ነው፤ በአንድ ድንጋይ ከ8 አምፔር በላይ ይሆናል። እዚህ ላይ ድንጋይ መምረጥ ግድ ይላል።

«በእውነት» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቶኑ ላይ መቶ ሺህ ሉመን የተጻፈበት በመዳፍ የሚያዝ መብራት አይታችሁ ይሆናል። በ100 ብታካፍሉት 1000 ዋት ይመጣል። ያ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው እንጂ የእጅ ባትሪ አይደለም።

በዚሁ ሒሳብ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም ታውቃላችሁ። 3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ማለት 3.5 ሲባዛ በ3.6፣ ወደ 12.6 ዋት ሰዓት ነው። 10 ዋት የሚበላ መብራት ላይ በሙሉ ድምቀት አንድ ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ የሚባክን አለና። ሻጩ «በአንድ ቻርጅ ሌሊቱን ሙሉ» ካላችሁ ስለ ዝቅተኛው ድምቀት እያወራ ነው። ይህ ውሸት ላይሆን ይችላል። ጥበቃ ላይ ያለ ሰውም አብዛኛውን ሰዓት ዝቅተኛው ይበቃዋል።

ደረጃ 3፦ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ክብደቱን እመኑ

አሁን ገበያ እንውጣ። በአንዱ ሱቅ መስታወት ውስጥ 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት 18650 ታያላችሁ። አጠገቡ 6800 ይኖራል። ዋጋቸው ደግሞ ከቡናና ከኬክ ብዙ አይርቅም። እንደዚያ ያለ ድንጋይ የለም። ከታወቁት ፋብሪካዎች የሚወጣው 18650 በአብዛኛው ከ2500 እስከ 3600 ነው። ከ4000 በላይ ከተጻፈበት መልሳችሁ አስቀምጡት። ለ21700 የተለመደው ከ4000 እስከ 5000 ሲሆን፣ ከ6000 በላይ የሚልን አትመኑ። የሚገርመው ቁጥሩ በዋሸ መጠን እውነተኛው ይዞታ ያንሳል፤ 9900 የሚለው ሲለካ ከ1500 በታች መውጣቱ የተለመደ ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ሚዛን ያዙ። ጤነኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 21700 ወደ 70 ግራም ይደርሳል። በ35 ግራም የሚመጣ 18650 ውስጡ ባዶ ቦታ አለው፤ ትልቁ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ተደርጎ የተሸጠም አለ። ግራም የሚለይ ሚዛን ከየት አመጣለሁ ካላችሁ ወርቅ ቤት አለ። የምታውቁት ካለ ጎራ በሉና «እስቲ ይቺን መዝኑልኝ» በሉ። ይስቁ ይሆናል፣ ግን ይመዝናሉ።

ብዙ ጊዜ ሱቁ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው።

«ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ ከዱባይ የመጣ።»

«እሺ፣ መዝኜው ልመለስ?»

«እንዴ! ድንጋይ በኪሎ ነው እንዴ የሚሸጠው?»

በቀልድ ከመለሰላችሁ ጥሩ ነው። መዝናችሁ እንድትመለሱ ከፈቀደ ደግሞ ደንበኛው ሁኑ፤ እቃውን የሚያውቅ ነጋዴ ነው። ከተቆጣ ግን ሌላ ሱቅ አለ።

ክብደቱ ብቻውን አይበቃም፤ በሌላ ነገር ሞልቶ ማክበድም ይቻላል። ቀጥላችሁ በቴስተር ቮልቱን ለኩ። ከፋብሪካ የመጣ አዲስ ድንጋይ ከ3.4 እስከ 3.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ2.5 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ ሞቶ የቆየ ነው፣ ይቅርባችሁ። ሽፋኑንም አገላብጡ። የተሸበሸበ፣ ጫፉ የተላጠ፣ የብየዳ ጠባሳ ያለበት ከሆነ፣ ከሌላ ዕቃ ተፈቶ አዲስ ልብስ የለበሰ ነው።

ደረጃ 4፦ ስሙን ለይታችሁ ጠይቁ

«ጥሩ ድንጋይ ስጠኝ» አይባልም። ሞዴሉን ጥሩ። ሳምሰንግ 35ኢ 3500 ይይዛል፣ 8 አምፔር ይሰጣል። ኤልጂ ኤምጄ1 3500 እና 10 አምፔር ነው። የሳንዮ ፓናሶኒኩ «ጂኤ» እንደዚሁ 3500 እና 10 አምፔር ነው። ሳምሰንግ 30ኪው 3000 ይይዝና 15 አምፔር ይሰጣል። ሞሊሴል ፒ28ኤ የሚይዘው 2800 ብቻ ነው፤ መስጠት የሚችለው ግን እስከ 35 አምፔር። ከ21700 ወገን ሳምሰንግ 50ኢ 5000 ይዞ ወደ 10 አምፔር ይሰጣል፣ ሞሊሴል ፒ42ኤ ደግሞ 4200 ይዞ እስከ 45 አምፔር።

ፍርዴን ልስጥ። ለሱቅ፣ ለግቢ፣ ለጥበቃ፣ ለጋራዥ 35ኢ ወይም ኤምጄ1 ይበቃል። እስከ 2000 ሉመን ያለ ችግር ያስኬዳል። ከ3000 ሉመን ለሚያልፍ ባለአንድ ድንጋይ መብራት 30ኪው ወይም ሞሊሴል ፈልጉ። ከፍ ያለ አምፔር የሚሰጥ ድንጋይ ትንሽ መብራት ውስጥ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ መብራቱ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚስበው። ጉዳቱ የያዘው ማነሱ ነው።

እነዚህ ፋብሪካዎች ድንጋይ በነጠላ ለተራ ገዢ እንዲሸጥ አያቀርቡም። ዋና ደንበኞቻቸው የላፕቶፕ፣ የመሣሪያና የመኪና አምራቾች ናቸው። ስለዚህ እጃችሁ የሚገባው በብዙ እጅ ያለፈ ነው። ሽፋኑ ላይ ሳምሰንግ መባሉ ማረጋገጫ አይደለም። ደረጃ 3ን አትዝለሉ የምለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ መከላከያ ያለው ወይስ የሌለው?

መከላከያ ያለው ድንጋይ ከታች በኩል ትንሽዬ ሰርኪት ተደርጎለታል። ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ከልክ በላይ ሲራገፍ ወይም ሾርት ሲያደርግ ይቆርጣል። በዚያ ምክንያት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ወፈር ያለ ሽፋንም አለው። ጠባብ መብራት ውስጥ ላይገባ ይችላል፣ በጉልበት አታስገቡት።

ለአብዛኛው ሰው መከላከያ ያለውን እመክራለሁ። ብዙ ርካሽ መብራት ድንጋዩ ሲያልቅ ራሱን አያጠፋም። እስከ መጨረሻው ጠብታ ይመጠዋል። መከላከያ የሌለው ድንጋይ በዚያ ሁኔታ ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ይበላሻል። የታወቀ ስም ያለውና ሲያልቅ የሚያስጠነቅቅ መብራት ካላችሁ መከላከያ የሌለውም ይሆናል። እጅግ ኃይለኛ መብራቶች ደግሞ መከላከያው ያለጊዜው ስለሚቆርጥባቸው መከላከያ የሌለውን ይፈልጋሉ።

መከላከያ ያለው ድንጋይ ድንገት በቴስተር ዜሮ ካሳየ ሞተ አትበሉ። ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ቻርጀር ላይ ስታስገቡት ብዙ ጊዜ ይነቃል።

ጫፉንም እዩ። አንዳንዱ ፖዘቲቩ ጋ ጉብታ አለው፣ አንዳንዱ ልሙጥ ነው። መብራቱ ጉብታ የሚፈልግ ሆኖ ልሙጥ ካስገባችሁበት አይነካም። ትንሽ ማግኔት ጣል የሚያደርጉ አሉ። አልመክርም፤ ማግኔቷ ሸርተት ብትል ሾርት ታደርጋለች።

ደረጃ 6፦ ከላፕቶፕ የወጣውን ከገዛችሁ

ከተማችን ውስጥ በርካሽ የሚገኘው ጤነኛ 18650 ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የተፈታ ነው። ጠጋኞች ጋ በፌስታል ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን በትክክል ከተፈተነ አዲስ ነኝ ከሚለው ባለ 9900 ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱም ላፕቶፕ ባትሪ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ውስጡ ካሉት ስድስት ድንጋዮች ሁለቱ ሲደክሙ ነው፤ የቀሩት አራቱ ገና ይሠራሉ።

አፈታተኑ ይህ ነው። በመጀመሪያ በቴስተር ለኩት። ከ2.5 በላይ ካለ እሰየው። ከ2 ቮልት በታች ሆኖ ወራት የቆየ ከሆነ ተዉት። እንዲያ ሲሆን ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟና ሲሞላ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ቻርጀር ላይ አስገብታችሁ «ተነሣልኝ» ብላችሁ ብትደሰቱበትም አደገኛ ነው።

ቀጥሎ በዝቅተኛው፣ በ500 ሚሊ አምፔር ሙሉት። አጠገቡ ሁኑ፣ በየጊዜው ዳስሱት። በዚህ መጠን ሲሞላ ለብ ማለት እንኳ የለበትም። ከሞቀ አውጡት። ሲሞላ ቮልቱን መዝግባችሁ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ተመልሳችሁ ስትለኩት ከ4.1 በላይ ካለ ጤነኛ ነው። ከ4 በታች ከወረደ ለራሱ የሚያፈስስ ነውና ጣሉት።

የላፕቶፕ ድንጋይ ሁልጊዜ መከላከያ የሌለው ነው። ከ2200 እስከ 2600 የነበረው አሁን አርጅቶ ያንሳል፣ አምፔሩም ዝቅተኛ ነው። 500 ወይም 1000 ሉመን ላለው መብራት አውሉት። ጫፉ ላይ የቀረውን የብየዳ ብረት በደንብ ንቀሉለት፤ ሽፋን ይቀድዳል። ሽፋኑ ከተቀደደ ደግሞ ቀልድ የለም። የድንጋዩ ሙሉ አካል፣ ፖዘቲቭ ጫፉ ዙሪያ ያለው ትከሻ ሳይቀር፣ ኔጌቲቭ ነው። እዚያ ጋ ሽፋኑ ከተላጠ ሾርቱ የፀጉር ያህል ነው የሚርቀው። ሽሪንክ የሚባለውን ፕላስቲክ አልብሱት።

ደረጃ 7፦ ቻርጀሩን ምረጡ

ድንጋዩን በዓመት የሚገድለውም፣ ለዓመታት የሚያቆየውም እሱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካጠራችሁ መጀመሪያ ጥሩ ቻርጀር ግዙ፣ ድንጋዩ ይድረስ።

ትክክለኛ ቻርጀር በሁለት ምዕራፍ ይሠራል። መጀመሪያ እኩል ከረንት፣ ማለትም በአምፔር የሚለካውን፣ እየሰጠ ድንጋዩን 4.2 ቮልት ያደርሰዋል። ከዚያ ቮልቱን እዚያው ይዞ ከረንቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በጣም ሲያንስ ጨርሶ ይቆርጣል። ከመብራቱ ጋር በነፃ የሚመጣው፣ ቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ቀላል ቻርጀር ብዙ ጊዜ ይህን አያሟላም። አረንጓዴ ካበራ በኋላም መግፋቱን የማይተው አለ።

ያላችሁን ቻርጀር ለመፈተን ቴስተር ብቻ ይበቃል። አረንጓዴ ሲበራ ድንጋዩን አውጡ። ጥቂት ደቂቃ አሳርፉና ለኩ። ከ4.15 እስከ 4.20 ከሆነ ቻርጀሩ ጨዋ ነው። 4.1 ከሆነ ሙሉ አልሞላም፣ ግን አይጎዳም፤ እንዲያውም ለድንጋዩ ዕድሜ ይጠቅማል። ከ4.25 ካለፈ ቻርጀሩን አስወግዱት። ለሌላ ሰው አትስጡት።

አዲስ ስትገዙ የምትጠይቁት፦ በዩኤስቢ የሚሠራ ነው? የእያንዳንዱን ድንጋይ ቮልት በስክሪን ያሳያል? ለየብቻ ይሞላል ወይስ ጥንድ ካልሆነ አይሠራም? ከረንቱን መምረጥ ይቻላል? ኤክስታር፣ ናይትኮርና ሊቶካላ በዚህ ሥራ የታወቁ ስሞች ናቸው። አንድ ድንጋይ ብቻ ላለው ሰው ትንሿ ኤክስታር ኤምሲ1 ትበቃዋለች። ሁለትና ከዚያ በላይ ላለው ቪሲ2 ወይም ቪሲ4 ጥሩ ነው። ሊቶካላ 500 የሚባለው ባለአራት ቦታ ቻርጀር ደግሞ ድንጋዩ በእውነት ስንት እንደሚይዝ ይለካል። ሞልቶ፣ አራግፎ፣ መልሶ ይሞላና ቁጥሩን ይነግራችኋል። ድንጋይ ለሚሸጥ ወይም ለሚጠግን ሰው ይህ ቻርጀር የግድ ነው እላለሁ። ለተራ ተጠቃሚ ቅንጦት ነው፣ ግን ደስ የሚል ቅንጦት።

ከረንቱን በተመለከተ፣ ከድንጋዩ ይዞታ ግማሹን አትለፉ። 3000 ለሚይዝ እስከ 1.5 አምፔር ይሆናል፤ 1 አምፔር ብትሰጡት ይበልጥ ይመቸዋል። በ1 አምፔር 3500 የሚይዝ ድንጋይ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል። 16340 የሚባለውን አጭሩን ድንጋይ ግን ከ0.35 አምፔር በላይ አትስጡት።

በዩኤስቢ የሚሠራውን የምወደው ለኛ ሁኔታ ስለሚመች ነው። በስልክ ቻርጀር ይሠራል፣ በፓወር ባንክ ይሠራል፣ በባጃጅና በመኪና ሶኬት ይሠራል፣ በሶላር ይሠራል። መብራት ለሁለት ቀን ቢሄድም መላ አለው። ብቻ የምትሰኩበት የስልክ ቻርጀር 2 አምፔር የሚሰጥ ይሁን።

መብራቱ ራሱ የታይፕ ሲ ቀዳዳ ካለው ይመቻል። በአዲሱ፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አልሞላም ካለ ግን ተበላሸ ብላችሁ አትመልሱት። ብዙ ርካሽ መብራት ሌላው ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ የሆነውን የድሮውን ገመድ ብቻ ነው የሚቀበለው።

በሶላር ፋኖስ ውስጥ የሚገኘው ድንጋይ ላይ 3.2 ቮልት ከተጻፈበት ሌላ ዘር ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይባላል፣ ሲሞላ ከ3.65 አያልፍም። 4.2 የሚሰጥ ቻርጀር ላይ አታስገቡት።

ደረጃ 8፦ የአዳማን ሙቀትና የመብራቱን ጠባይ አስቡ

ሊቲየም የሚሞላበት የሙቀት ክልል ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ነው። ብርዱ እኛን አያሰጋንም። ሙቀቱ ግን ያሰጋል። በሚያዝያ ቀትር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ ክፍል ወደ 45 ሊጠጋ ይችላል፤ ድንጋዩ ደግሞ በራሱ ይሞቃል። ጠዋት ወይም ከመሸ ሙሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሰክታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ብትነቅሉ ጥሩ ነው። ተኝታችሁ አትሙሉ። ቻርጀሩን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አስቀምጡ እንጂ ፍራሽና መጋረጃ አጠገብ አይሁን።

መብራት ከሄደ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሲመጣ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላልና ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩ። ለፍሪጅ የምናደርገውን ነው።

የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የእጅ ባትሪ አትተዉ። ፀሐይ ላይ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ሹፌሮች፣ ከወንበሩ ስር ይሁን።

ደረጃ 9፦ ሁለትና ከዚያ በላይ ድንጋይ የሚበላ መብራት

ድንጋዮቹ ተከታትለው የሚገቡ ከሆነ ቮልታቸው ይደመራል። እዚህ ላይ መንትያ ይሁኑ፦ አንድ ሞዴል፣ አንድ ቀን የተገዙ፣ አብረው የሚሞሉ፣ አብረው የሚወጡ። ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ጠንካራው በግድ ይነዳዋል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ይገለበጣል፣ ይሞቃል፣ ጋዝ ይተፋል። ከማስገባታችሁ በፊት ሁለቱንም ለኩ። ልዩነታቸው ከ0.05 ቮልት በላይ ከሆነ እንደገና ሙሉ። በማርከር «ሀ» እና «ለ» ብላችሁ ጻፉባቸው። ልምድ ከሌላችሁ ባለአንድ ድንጋይ መብራት ይሻላችኋል፤ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትድናላችሁ።

ደረጃ 10፦ አያያዝ

ትርፍ ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይገባም። የፕላስቲክ መያዣ አለው፤ ከሌለ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ። ለወራት የማትጠቀሙ ከሆነ ግማሽ አድርጋችሁ፣ 3.7 ቮልት አካባቢ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ለድንገተኛ መብራት መሄድ የምታስቀምጡት ግን ሙሉ ይሁን፤ ትንሽ ዕድሜ ቢቀንስም ጨለማ ውስጥ ባዶ ድንጋይ ከመያዝ ይሻላል።

የተጠቀጠቀ፣ ያበጠ ወይም ጣፋጭ ሽታ ያለው ድንጋይ አይሞላም። ቻርጀር ላይ ሲፍ ካለ ወይም ካጨሰ ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ ጭሱን አትተንፍሱ፣ መርዛማ ነው። ከቻላችሁ ወደ ውጭ አውጡትና ብዙ ውኃ ድፉበት፤ ውኃው ያቀዘቅዘዋል። በብርድ ልብስ አትሸፍኑት። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ እጃችሁ ውስጥ በጣም ከሞቀ ደግሞ ክዳኑን ለመክፈት አትሞክሩ። የታሸገ ብረት ቱቦ ነው፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሜዳ ላይ አስቀምጣችሁ ራቁ። የሞተ ድንጋይ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቦታ አይጣልም።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው የምትልኩት መልእክት

ብዙዎቻችን ጥሩ ድንጋይ የምናገኘው በሚመጣ ዘመድ በኩል ነው። ትርፍ ሊቲየም ድንጋይ በአውሮፕላን የሚሄደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ወደ ጭነት የሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እያንዳንዱ ከ100 ዋት ሰዓት በታች መሆን አለበት፤ 18650 ወደ 13 ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። አየር መንገዶች ቁጥሩን ሊወስኑ ስለሚችሉ ሃያ ሠላሳ አታስጭኗቸው። ለምሳሌ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«እትዬ፣ እንደምን አለሽልኝ። አደራ፣ ሁለት ሳምሰንግ 35ኢ፣ መከላከያ ያለውና ጫፉ ጉብታ ያለው፣ ከነፕላስቲክ መያዣው። አንድ ኤክስታር ቪሲ2 ቻርጀር። ድንጋዮቹን በእጅ ቦርሳሽ ያዢያቸው፣ ሻንጣ ውስጥ አይግቡ። ቁጥሩ ከ3500 የሚበልጥ በርካሽ ካሳዩሽ አትግዢ።»